የቀን ውጥረትን ከሰውነት ማውጣት፦ ጡንቻን አጥብቆ የማላላት ዘዴ

ሲዋከብ የዋለ ሰው ማታ ጋደም ብሎ «አሁን ልረጋጋ» ቢል ሐሳቡ አይሰማውም። እንዲያውም ለመረጋጋት በታገለ ቁጥር ይበልጥ ይነቃል። ሐሳብ በትእዛዝ አይቆምም፤ የእጅ፣ የትከሻና የመንጋጋ ጡንቻ ግን በፈቃዳችን የሚሠራ ስለሆነ ይታዘዛል። ስለዚህ ዕረፍትን ከአእምሮ ሳይሆን ከጡንቻ መጀመር ይሻላል።

ዘዴውን የቀመረው ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በጽሑፍ አሳትሞታል። የእሱ ሥልጠና ወራት የሚፈጅ ነበር። በኋላ ጆሴፍ ዎልፒ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም አሳጠረው፤ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሰጠውም ይኸው አጭሩ ነው። አሠራሩ አንድ የጡንቻ ክፍል ሆን ብሎ ማጥበቅ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ መልቀቅና ልዩነቱን ማስተዋል ነው። መጀመሪያ ማጥበቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቶ፣ ጥርሱ ገጥሞ እየዋለ አይታወቀውም፤ የለመደውን ውጥረት እንደ ዕረፍት ይቆጥረዋል። አጥብቆ ሲለቅ ግን ሁለቱ ስሜቶች ጎን ለጎን ስለሚመጡ ይለያቸዋል።

ዝግጅት

የማይቋረጥ 20 ደቂቃ ያስፈልጋል። ጭንቅላትንና ክንድን የሚደግፍ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ከሌለ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ በጀርባ ይተኙ። አልጋ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይመረጥም፤ ልምምዱ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስድዎታልና። ለመተኛት ብለው ከሆነ ግን እንቅልፍ ቢወስድዎ ምንም አይደለም። ቀበቶ ያላሉ፤ ጫማ፣ ሰዓትና መነጽር ያውልቁ። ስልኩን ከክፍሉ ያውጡት። ጊዜውን ለመቁጠር አያስፈልግዎትም፤ በልብ ቀስ ብሎ መቁጠር ይበቃል።

ልምምዱ

ለእያንዳንዱ ክፍል ከ5 እስከ 7 ሴኮንድ ያጥብቁ፤ ከ30 እስከ 40 ሴኮንድ ይልቀቁ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ይድገሙት። የማጥበቁ ኃይል ካለዎት አቅም ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ይሁን። መንቀጥቀጥ ከጀመሩ በዝቷል።

ከሚቀናዎት እጅ ይጀምሩ። ጡጫ ጨብጡ፤ መዳፍና የታችኛው ክንድ ሲጠብቅ ይሰማዎት፤ ይልቀቁ። ቀጥሎ ክርንዎን ወደ ወንበሩ ተጭነው የላይኛውን ክንድ ያጥብቁ። በሌላው እጅ ሁለቱን ይድገሙ። ከዚያ ፊት ነው፤ በሦስት ከፍለው ይሥሩት። መጀመሪያ ቅንድብን ወደ ላይ በመስቀል ግንባርን፣ ቀጥሎ ዓይንን ጨፍኖ አፍንጫን በመጨምደድ መካከለኛውን ፊት፣ በመጨረሻም ጥርስን በልኩ ገጥሞ የከንፈርን ዳር ወደ ኋላ በመሳብ መንጋጋን። ፊት ላይ አይቸኩሉ። የቀን ውጥረት በብዛት የሚጠራቀመው እዚህ ነው፤ መንጋጋ በትክክል ሲላላ የላይና የታች ጥርሶች ይለያያሉ፣ ምላስም ከላንቃ ይወርዳል።

አንገትን አገጭ ወደ ደረት እየሳቡ፣ ግን ደረት እንዳይነካ እየከለከሉ ያጥብቁ። እዚህ ኃይሉን ወደ ግማሽ ያውርዱ። ቀጥሎ በረጅሙ አየር ስበው ትከሻዎን ወደ ኋላ በመጎተት ደረትንና የላይኛውን ጀርባ በአንድነት፣ ከዚያም ሊመቱት እንደተዘጋጀ ሰው ሆድን ያጠንክሩ። በመጨረሻ እግር፦ ጭን፣ ባት፣ የውስጥ እግር፣ በመጀመሪያ አንዱ ጎን፣ ከዚያ ሌላው። ባትን የሚያጠብቁት የእግር ጣቶችን ወደ ፊትዎ በመሳብ ይሁን፤ ወደ ታች ከዘረጓቸው ጡንቻ ሊሸማቀቅ ይችላል። የውስጥ እግር ከ5 ሴኮንድ በላይ መያዝ የለበትም። እስካሁን የተቆጠሩት 16 ክፍሎች ናቸው።

ሲጨርሱ ወዲያው አይነሱ። ጣቶችን አነቃንቀው፣ ዓይን ከፍተው፣ ተቀምጠው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ይቁሙ፤ በድንገት የቆመ ሰው ራሱን ሊያዞረው ይችላል።

የሚበላሸው የት ነው?

በጣም የተለመደው ስሕተት ጡንቻውን ቀስ በቀስ ማላላት ነው። ቀስ ብሎ ለመልቀቅ ጡንቻው ሥራ ላይ መቆየት አለበት፤ ልዩነቱም ይደበዝዛል። ያዙት የነበረ ገመድ እንደተቆረጠ ይልቀቁት። ሁለተኛው ከደረቱ ልምምድ በቀር ትንፋሽን አፍኖ ማጥበቅ ነው፤ ይህ የደም ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። ግፊት ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም ጀርባውንና አንገቱን የታመመ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የሚያመውን ክፍል ማጥበቁን ትቶ መልቀቁን ብቻ ቢሠራም ይጠቅመዋል።

አንዳንድ ሰው ሰውነቱ መላላት ሲጀምር በተቃራኒው ይጨነቃል፤ ልቡ ይመታል፣ ቁጥጥር ያጣ ይመስለዋል። የታወቀ ነገር ነው፤ አያስፈራም። ዓይን ሳይጨፍኑ፣ ተቀምጠው፣ ሁለቱንም እግር ወለል ላይ አስረግጠው፣ በእጆች ብቻ ለ5 ደቂቃ ይለማመዱና ቀስ በቀስ ይጨምሩ። «ተረጋጋሁ ወይስ ገና ነኝ?» እያሉ ራስን መፈተሽም ሥራውን ያበላሻል። የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ እጅ አሁን ምን ይሰማዋል?» የሚለው ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን ይህን ነው፦ በጭንቀት ቀን ብቻ የሚሠራ ልምምድ አይሠራም። ክህሎት ስለሆነ በደህና ቀን መለመድ አለበት።

ጊዜ ሲያጥር፦ ትንፋሽ

20 ደቂቃ በማይገኝበት ቦታ በአፍንጫ ለ4 ሴኮንድ ያስገቡ፣ ለ6 ሴኮንድ ያስወጡ። ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል፤ 5 ደቂቃ ይቀጥሉ። ማስወጫው የሚረዝመው ልብ አየር ስናስገባ ፈጠን፣ ስናስወጣ ዘግየት ስለሚል ነው። ራስ ከቀለለዎት ወይም ጣት ከነዘረዎት ብዙ አየር እየሳቡ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ከመጠን በላይ እየወጣ ነው ማለት ነው። መፍትሔው አየሩን ማሳነስ ነው፤ ፍጥነቱ አይለወጥ። እጅ እምብርት ላይ ቢያሳርፉ ሆድ በትንሹ ከፍ ዝቅ ሲል ይታወቃል፤ ትከሻ ከተነሳ ጥልቀቱ በዝቷል።

ልምምዱን የሚያፈርሱና የሚያግዙ

ካፌይን ከተጠጣ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ግማሹ ገና በሰውነት ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ ባይጠጣ ይመረጣል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይበጠብጣል። ሙቅ ውኃ ይረዳል፦ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ 10 ደቂቃ፣ ከመኝታ 1 ወይም 2 ሰዓት ቀደም ብሎ። ደም ወደ እጅና እግር ቆዳ ስለሚመጣ የውስጥ ሙቀት ይወርዳል፤ እንቅልፍ የሚመጣው ሙቀቱ ሲወርድ ነውና ልክ ሊተኙ ሲሉ አይታጠቡ።

የነገ ሥራ አልለቅ ካለ 5 ደቂቃ ወስደው በወረቀት ላይ በዝርዝር ይጻፉት። «ሪፖርቱን መጨረስ» ሳይሆን «የሪፖርቱን ሁለተኛ ክፍል ማረም» ብለው። ደፈናው ዝርዝር አእምሮን አያሳርፍም።

እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ጭንቀቱ ለሳምንታት ከዘለቀና ሥራን ካሰናከለ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ እጥረት ካለ ደግሞ ልምምድ አይሞከር፤ ወዲያው ሕክምና ያስፈልጋል።

ማሳጠር

16ቱን ክፍሎች በየቀኑ ሠርተው ሳይቸገሩ መላላት ሲችሉ ወደ 7 ያውርዷቸው፦ አንድ ሙሉ እጅ፣ ሌላው እጅ፣ ፊት፣ አንገት፣ ከትከሻ እስከ ሆድ፣ አንድ እግር፣ ሌላው እግር። ቀጥሎ ወደ 4፦ ሁለት እጅ፣ ፊትና አንገት፣ አካል፣ ሁለት እግር። ከዚያ በኋላ ማጥበቁን ይተዉና የመልቀቁን ስሜት ብቻ አስታውሰው ያላሉ። መጨረሻ ላይ አየር ሲያስወጡ ሁልጊዜ አንድ ቃል ለምሳሌ «ልቀቅ» በልብዎ ይበሉ፤ ከተለማመደ በኋላ በስብሰባ መካከል ወይም ወረፋ ላይ ቆመው ቃሉ ብቻውን ትከሻን ያወርዳል። አንዱ ደረጃ ካልሠራ ወደ ቀደመው ይመለሱና ጥቂት ቀን እዚያው ይቆዩ፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ መቸኮል ነው።