በቮልቴጅ የሚታዘዝ ማጉያ (ቪሲኤ) እንዴት ይሠራል?

የአናሎግ ሲንተሳይዘር ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪው ክፍል) ያለ እረፍት ይጮኻል። ያንን ጩኸት ቆርጦ ኖታ የሚያደርገው ቪሲኤ ነው። እኔ ቪሲኤን የምመዝነው ሲከፈት በሚያወጣው ድምፅ ሳይሆን ሲዘጋ በሚተወው ዝምታ ነው።

ኤልኤም13700 ቺፕ (ዋናውን ማጉላት የሚሠራው)፣ ሁለት ኦፕ አምፕ (ረዳት ማጉያዎች) የያዘ ቲኤል072፣ 2ኤን3906 ትራንዚስተር፣ 1ኤን4148 ዳዮድ፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ ትሪመር (በመፍቻ የሚዞር ተለዋዋጭ ሬዚስተር) እና የ+12 እና የ−12 ቮልት ኃይል አዘጋጁ። በኤልኤም13700 ላይ +12 ወደ 11ኛው እግር፣ −12 ወደ 6ኛው ይገባል።

መጀመሪያ የሚገባውን ድምፅ አሳንሱት። ቺፑ ከ20 ሚሊ ቮልት በላይ ሲገባበት ድምፁን በግልጽ ማዛባት ይጀምራል፤ የሲንተሳይዘር ድምፅ ግን እስከ 5 ቮልት ወደ ላይና ወደ ታች ይዋዥቃል። ስለዚህ ድምፁን በ100 ኪሎ ኦም በኩል ወደ 4ኛው እግር አስገቡ፤ ከዚያው እግር ወደ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) 220 ኦም አድርጉ። 5 ቮልቱ 11 ሚሊ ቮልት ሆኖ ይደርሳል። 3ኛውንም እግር በ220 ኦም ከግራውንድ ጋር አገናኙ።

ከ5ኛው እግር የሚወጣው ከረንት እንጂ ቮልቴጅ አይደለም። ወደ አንዱ ኦፕ አምፕ የመቀነስ (−) መግቢያ ውሰዱትና ከዚያ መግቢያ እስከ ኦፕ አምፑ መውጫ 47 ኪሎ ኦም አገናኙ። የመደመር (+) መግቢያው ግራውንድ ላይ ይሁን።

አሁን ትእዛዙ፤ ድምፁ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚወስነው ወደ ቺፑ 1ኛ እግር የሚገባው ከረንት ነው። የመቆጣጠሪያውን ቮልቴጅ በ10 ኪሎ ኦም በኩል ወደ ሁለተኛው ኦፕ አምፕ የመቀነስ መግቢያ አስገቡ፤ የመደመር መግቢያውን ግራውንድ አድርጉ። የትራንዚስተሩን ኤሚተር ከዚያው የመቀነስ መግቢያ፣ ቤዙን ከኦፕ አምፑ መውጫ፣ ኮሌክተሩን ከቺፑ 1ኛ እግር ጋር አያይዙ። የዳዮዱ ባለ ቀለበት ጫፍ ኤሚተሩ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ቤዙ ላይ ይሁን፤ ቮልቴጁ ከዜሮ በታች ሲወርድ ትራንዚስተሩን ይጠብቃል። 5 ቮልት 0.5 ሚሊ አምፔር ይሰጣል፤ ያኔ ድምፁ በገባበት መጠን ይወጣል። ዜሮ ቮልት ደግሞ ይዘጋዋል።

1ኛውን እግር ተጠንቀቁለት። ከ2 ሚሊ አምፔር በላይ አይችልም፤ የሚገኘውም −12 ቮልት አጠገብ ነው። የመጀመሪያ ቺፔ የተቃጠለው ስለካ እጄ ተንሸራትቶ ይህን እግር ከግራውንድ ጋር ስላነካካሁት ነው።

ብዙዎች የሚዘሉት ትሪመሩን ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት። የቺፑ ሁለት መግቢያዎች ፈጽሞ እኩል ስላልሆኑ ትእዛዙ ራሱ ወደ ድምፁ ይሾልካል። የ100 ኪሎ ኦም ትሪመር በ+12 እና በ−12 መካከል አድርጉና መሃለኛውን እግሩን በ470 ኪሎ ኦም በኩል ወደ 3ኛው እግር ውሰዱ። የድምፅ መግቢያውን ከግራውንድ ጋር አገናኝታችሁ በመቆጣጠሪያው በኩል ከ0 እስከ 5 ቮልት የሚዘል ስኩዌር ዌቭ ስጡ። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ትሪመሩን በዝግታ ስታዞሩ ድምፁ እየሳሳ ይሄድና ይጠፋል፤ ካለፋችሁት ይመለሳል። የጠፋበት ቦታ ላይ አቁሙ፤ ቺፑ ከሞቀ በኋላም አንድ ጊዜ ደግማችሁ አዳምጡ።