ኦሊምቦስ ሄዶ ማደር፦ የካርፓቶስ ተራራ መንደር ጉዞ እንዴት ይደረጋል?

ካርፓቶስ በሮድስና በቀርጤስ መካከል ያለች የግሪክ ደሴት ናት። ሰሜን ጫፏ ላይ፣ ተራራ አናት ተንጠልጥላ ኦሊምቦስ የምትባል መንደር አለች። በግሪክ አፈ ታሪክ የአማልክት መኖሪያ ከሚባለው ከኦሊምፐስ ተራራ ጋር እንዳትምታታባችሁ። የድሮ ሰዎቿ የባህር ወንበዴ ሸሽተው ነው እዚያ የወጡት።

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ። ግንቦት፣ ሰኔ ወይም መስከረም ጥሩ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሳል፤ ጀልባ የሚያስቀርበት ቀን አለ። በእነሱ ክረምት፣ በእኛ በጋ፣ ብዙው ነገር ዝግ ነው።

ከዚያ መንገዱ። የሸንገን ቪዛ ከያዛችሁ ከአቴንስ በአውሮፕላን ካርፓቶስ ትገባላችሁ። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ መርከብም አለ፤ ግን ረጅም ነው፣ ትዕግስት ይጠይቃል። ከዋና ከተማዋ ከፒጋዲያ ወይ መኪና ትከራያላችሁ፣ ወይ በጀልባ ዲያፋኒ ወደብ ደርሳችሁ በአውቶቡስ ሽቅብ ትወጣላችሁ። መኪና ከያዛችሁ ቀስ በሉ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው።

አሁን ዋናው፦ እደሩ። አብዛኛው ጎብኚ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት ይመለሳል። ያየው ሱቅና ሻርፕ ብቻ ነው። ጀልባው ሲሄድ መንደሯ ለባለቤቶቿ ትመለሳለች። ማረፊያ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ብዙ የለም።

ጠዋት ዳቦ ሲሸታችሁ ሽታውን ተከተሉ። ምድጃው ደጅ ነው፣ በእንጨት ይነዳል፣ ስሙም «ፉርኖስ»። ፉርኖ ዳቦ ለምንል ሰዎች ቃሉ እንግዳ አይደለም። ለምሳ ማካሩነስ የሚሉትን የእጅ ፓስታ እዘዙ። ሊጡ በጣት እየተጫነ ይጎደጉዳል፣ ይቀቀላል። ላዩ ላይ በደንብ የጠቆረ ቁሌት ይፈስበታል፣ አይብ ይፈቀፈቅበታል።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ሻርፕ፣ ሽርጥና የቆዳ ቦት ያደረጉት እናቶች ለቱሪስት የለበሱ እንዳይመስላችሁ፤ የዘወትር ልብሳቸው ነው። «ካሊሜራ» ብላችሁ ጀምሩ፤ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ነው።

በግሪኮቹ ኦገስት 15፣ በእኛ ነሐሴ 9፣ የእመቤታችን በዓል ነው። ማደሪያ ከወራት በፊት ካልያዛችሁ አታገኙም። ማታ በጉልበት ላይ የሚያዝ፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ ሊራ ይቀርባል። ሰዎቹ እዚያው እየፈጠሩ ግጥም ይቀባበላሉ፤ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሴቶቹ ደረታቸው ላይ የወርቅ ሳንቲም ደርድረው ይጨፍራሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እነሱም እንደኛ ፍልሰታን ይጾማሉ፤ የሚፈቱት ግን በዚያ ቀን ነው። የእኛ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነው። ሥጋና ድንች ሲቀርብላችሁ «ኒስቴቮ» በሉ፤ «እየጾምኩ ነው» ማለት ነው። ቃሉን ወዲያው ይረዱታል።