አልጌውን ንቀሉት፣ ምግቡንም ንፈጉት

የባሕር ውሃ አኳሪየሜን ባቋቋምኩ በሰባተኛው ወር ድንጋዮቹ ሁሉ አረንጓዴ ፀጉር አበቀሉ። ውሃውን ስመረምር ግን የአልጌ ምግብ የሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ነበሩ። «በንጹሕ ውሃ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?» እያልኩ ሳምንታት አባከንኩ። ለካስ አልጌው ንጥረ ነገሩን መመርመሪያው ሳያየው በፊት ይበላው ነበር። ድንጋዩ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ መመርመሪያው ዜሮ ቢላችሁ ዓይናችሁን እመኑ።

አስቀድማችሁ ምን እንደበቀለ ለዩ። በአዲስ ገንዳ አሸዋ ላይ የሚነሰነሰው ቡናማ ዱቄት ዳያተም የተባለ ደቃቅ አልጌ ነው፤ ቅርፊቱን የሚሠራበት ሲሊኬት ሲያልቅበት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋልና አትድከሙበት። እንደ ስስ ቀይ ጨርቅ እየተላጠ የሚነሳው ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያ እንጂ አልጌ አይደለም። በቱቦ ሳቡትና የውሃውን እንቅስቃሴ አጠናክሩ። የብርጭቆ ዶቃ የሚመስለውን ቫሎኒያ የተባለ አልጌ ሳታፈርጡ ፈልቅቃችሁ አውጡት።

ፀጉራሙ አልጌ ግን እጅ ይፈልጋል። ድንጋዩን አውጥታችሁ ከገንዳው በተቀዳ የጨው ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀምጡት። የቧንቧ ውሃ በድንጋዩ ላይ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳል። ከዚያ አልጌውን በሁለት ጣት ከሥሩ ይዛችሁ እንደ አረም ንቀሉ። የመጀመሪያውን ቁንጥር ስነቅል ከሥሩ ቡናማ ጭቃ ተጣብቆ ወጣ፤ የዓሣ ዓይነ ምድርና የምግብ ፍርፋሪ ነበር። ፀጉሩ የራሱን ማዳበሪያ አቅፎ ተቀምጦ ኖሯል! ሳትነቅሉ ምግብ ብቻ መቀነስ የማይበቃውም ለዚህ ነው። የቀረውን በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ አለቅልቁ፣ የባልዲውን ውሃ ድፉ። ገንዳው ውስጥ ከፈተጋችሁት ብጣሹ ሌላ ድንጋይ ላይ ሄዶ ያቆጠቁጣል።

ቀጥሎ ምንጩን ፈልጉ። ውሃ ሲተን ጨዉም ፎስፌቱም እዚያው ይቀራል። የተነነውን በቧንቧ ውሃ የሚተካ ሰው በየቀኑ ማዳበሪያ እየጨመረ ነው። የሟሙ ነገሮችን ከውሃ በሚያስወግድ የሪቨርስ ኦስሞሲስና የዲአዮናይዜሽን ማጣሪያ ያለፈ፣ በቲዲኤስ (የሟሙ ነገሮች መጠን) መለኪያ 0 የሚያሳይ ውሃ ተጠቀሙ። በእኔ ማጣሪያ ውስጥ የሟሙትን ነገሮች የሚይዘው ሬዚን አልቆ መለኪያው 14 ያሳይ ነበር፤ ለወራት ሳልለካ በመቆየቴ ዓሦቼ ዋጋ ከፈሉ። በረዶ የሠራ ምግብም ቀልጦ በጥሩ ወንፊት ይጠለል፤ ጭማቂው አይግባ። መብራቱ የሚበራበትን ጊዜ በቀን ወደ ስምንት ሰዓት ዝቅ አድርጉ።

አሁን ቀንድ አውጣዎችን አስገቡ። ረጅሙን ፀጉር እምብዛም አይነኩትም፤ አጭሩን ግን ይግጡታል። እኔ ትሮከስ የተባለውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ሲገለበጥ ራሱን ማቃናት ይችላል። የግጦሽን ኃይል የሚጠራጠር ካለ ካሪቢያንን ያስታውስ፦ እ.ኤ.አ. በ1983 እና 1984 ዲያዴማ የተባለው የባሕር ጃርት በበሽታ ሲያልቅ ኮራል የተባሉት የባሕር እንስሳት የሠሯቸውን ሪፎች አልጌ ወረሳቸው።

ዜሮን ግን አታሳድዱ። በገንዳው ያሉ ኮራሎችም እነዚህን ንጥረ ነገሮች ይመገባሉ፤ ውሃው ፈጽሞ ሲራቆት ደግሞ ዳይኖፍላጀሌት የተባለው፣ ከፀጉራሙ የከፋ ቡናማ ልጋግ ሊነሳ ይችላል። እኔ ናይትሬትን ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር አቆያለሁ። ፎስፌት መጣጭ የምትጠቀሙ ከሆነ በግማሽ መጠን ጀምሩ፤ ድንገተኛ መቀነስ ኮራልን ይጎዳል። ከሁሉ የምወደው በተለየ ክፍል መብራት አብርቶ ኬቶሞርፋ የተባለውን አልጌ ማሳደግን ነው፤ ሲበዛ ግማሹን ስታወጡ የበላው ሁሉ አብሮት ይወጣል።

በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ውሃ ቀይሩ፤ ከመቀየራችሁ በፊት የድንጋዮቹን ስንጥቆች በውሃ ግፊት አራግፉ። እኔ ሦስት ጊዜ ነቅያለሁ። በአሥረኛው ሳምንት ተራቁቶ በነበረው ድንጋይ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አየሁ፤ በድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት የምትለጠፈው፣ የምንፈልጋት ኮራላይን አልጌ ነበረች። እርሷን አትፈትጓት።