ጀማ ሲደፈርስ
ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ዓሣ ልናጠምድ ጀማ ወንዝ ወርደን ነበር። ቆላው ፀሐይ ነው፤ ደጋው ላይ ግን ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ረፋዱ ላይ ደፈረሰ። ክሩን በጣልኩ ቁጥር ውሃው ጠርጎ ዳር ያመጣዋል፤ ትሉም ታጥቦ መንጠቆው ባዶውን ይወጣል። «ዛሬስ ሽሮ ነው» አለ አንዱ።

ክብደት ያነሰው መስሎኝ ሁለት ዳዶ ጨመርኩበት። ድንጋይ ስር ተወሽቆ ተበጠሰ፤ አንድ መንጠቆ በከንቱ! የበጀኝ ቦታ መቀየሩ ነው። ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ውሃው ዞሮ የሚተኛበት ጥግ አለ። እዚያ በአንድ ዳዶ፣ ትሉን ሦስት ቦታ ወግቼ ጣልኩት፤ ክሩ ቀጥ አለ። አምባዛ ምግቡን በ8 ጢሞቹ እየዳሰሰ ስለሚፈልግ ጭቃው አላገደውም፤ ሁለት ያዝን።

የቆምንበትን ድንጋይ ውሃው ሲልሰው ግን ክሩን ጠቅልለን ዳገቱን ተያያዝነው።