ደንጅን ሲንዝ ሙዚቃን ቤት ውስጥ እንዴት መሥራት ይቻላል

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስታዳምጡት ጭጋግ የዋጠው ግንብ ይታያችኋል፤ ከግንቡ ሥር ደግሞ ችቦ የሚበራበት የድንጋይ ደረጃ። ደንጅን ሲንዝ የሚባለው ሙዚቃ ይህ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ፣ ብላክ ሜታል በሚባለው ጨለማና ጩኸት የበዛበት የሮክ ዓይነት ሙዚቀኞች እጅ ነው። የኤምፐረር ባንድ ባስ ጊታር ተጫዋች የነበረው ሞርቲስ ከባንዱ ወጥቶ በኪቦርድ የሠራውን የመጀመሪያ አልበሙን በ1994 አወጣ። አልበሙ ሁለት ረጃጅም ክፍሎች ብቻ ናቸው ያሉት። አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ርካሽ መሣሪያ፤ ዛሬም የሚሠራው እንደዚያው ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ጻፉ

ኪቦርዱን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። "ጨለማ ቤተ መንግሥት" ብሎ መጻፍ አይበቃም። ማን ይኖርበት ነበር? ለምን ባዶ ቀረ? ከጣራው ውኃ ይንጠባጠባል? በዚህ ጉዳይ አልደራደርም፦ ቦታው ያልታወቀ ዜማ የትም አያደርስም፣ ዝም ብሎ ይዞራል።

ድምፆቹን ምረጡ

ውድ ሲንተሳይዘር (ድምፅ ፈጣሪ ኪቦርድ) አያስፈልግም። አብዛኞቹ ተራ ኪቦርዶች ጄኔራል ሚዲ የሚባለው የጋራ ዝርዝር ድምፆች አሏቸው፤ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቁጥር አለው፦ ቁጥር 7 ሃርፕሲኮርድ፣ 20 የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን፣ 49 ስትሪንግ፣ 53 የመዘምራን ድምፅ፣ 76 ፓን ፍሉት። ኪቦርድ ከሌላችሁ ኤልኤምኤምኤስ (LMMS) የተባለውን ነፃ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑ። ሦስት ወይም አራት ድምፅ ይበቃል። የመዘምራኑ ድምፅ እውነተኛ ሰው አለመምሰሉ አያሳስባችሁ፤ ያ የፕላስቲክ ለዛ ነው ሩቅና ሕልም መሳይ የሚያደርገው።

ዜማውን ሥሩ

ጥቁሮቹን ቁልፎች አትንኩ። በግራ እጃችሁ ላ እና ሚን አብራችሁ ተጭናችሁ ቆዩ፤ መሬቱ እሱ ነው። በቀኝ እጃችሁ ከላ ተነሡ። ጆሮው በቅኝት ላደገ ሰው እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብትጫወቱ ትዝታ ማይነር ነው። ሬና ሶልን ስትጨምሩበት ደግሞ ደንጅን ሲንዝ አብዝቶ የሚጠቀምበት የማይነር ስኬል ይሆናል። እነዚህን ሁለት ኖታዎች ካልነካችሁ እጃችሁ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሲነኩ ግን ግንቡ ብቅ ይላል።

ለኮርድ (አብረው ለሚመቱ ኖታዎች) ላ ማይነር፣ ፋ፣ ሶል፣ ከዚያ ተመልሶ ላ ማይነር በቂ ነው። ቴምፖው (ፍጥነቱ) በደቂቃ ከ60 እስከ 75 ምት ይሁን። አራት መስመር ያህል ዜማ ደጋግሙ፤ በየዙሩ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፦ በሁለተኛው መዘምራኑን፣ በሦስተኛው ቲምፓኒ የሚባለውን ትልቅ ከበሮ። ከበሮ ባይኖርም ሙዚቃው አይጎድልበትም። የምትሳሳቱባትን ኖታ በኮምፒውተር አታስተካክሉ፤ የእጅ መንገዳገድ ይኑርበት።

ካሴት ላይ ቅዱት

ሻካራው ድምፅ የሚመጣው እዚህ ነው። ከኪቦርዱ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ገመድ አውጥታችሁ ቴፑ የድምፅ መግቢያ ላይ ሰኩ። መግቢያው የማይክ ብቻ ከሆነ የኪቦርዱን ድምፅ በጣም ቀንሱት፣ አለዚያ ድምፁ ይበላሻል። አሮጌ ካሴት ከሆነ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች እዩ፤ መከላከያቸው ተሰብሮ ከሆነ ቴፑ አይቀዳም። ፕላስተር ለጥፉባቸው። ክሩ ከላላ እስክሪብቶ አስገብታችሁ አጠንጥኑት።

ቀድታችሁ ስትሰሙት ከበስተጀርባው ሽ የሚል ድምፅ አለ፤ ረጅሙም ኖታ በጥቂቱ ይዋልላል። ቀጭኑ ድምፅ ተቆርጦ ሁሉም በግድግዳ ማዶ የሚሰማ ይመስላል። ሰሚው በጉድለቱ ውስጥ ግንቡን ራሱ ይሠራል፤ ጥርት ያለ ቀረጻ ያን ቦታ ይነፍገዋል። ባለሁለት ካሴት ቴፕ ካላችሁ አንዴ ደግማችሁ ገልብጡት፣ የበለጠ ይርቃል።

ቴፕ ከሌለ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ቀጭን ድምፅ የሚቆርጠውን ሎው ፓስ ፊልተር 7000 ኸርዝ ላይ አድርጉና ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት) ጨምሩ። ይሠራል፤ የካሴቱን ያህል ግን አይሆንም።

ስትጨርሱ ከመጀመሪያው ኖታ በፊት ያለውን ባዶ ሽሽታ አትቁረጡት። አምስት ሰከንድ ያህል ይቆይ፤ ሰሚው ደረጃውን የሚወርደው በዚያች ጊዜ ነው።