የቡና ወቅት ሠራተኛ ሲቀጠር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጅማ ዞን ውስጥ እሸት ቡናው ሲደርስ አጋሮም ሆነ ሊሙ ኮሳ ያሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በአንድ ሳምንት ሰው ይሞላባቸዋል፤ ወቅቱ ሲያልቅ ይበተናል። ይህን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይፈቅዳል። አሠሪው የሚከሰሰው የተፈቀደለትን መንገድ ትቶ አቋራጭ ሲፈልግ ነው።

ሁሉንም በየሦስት ወሩ አዲስ ውል ማስፈረም። በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የምታገላብጥ ሠራተኛ ሥራዋ በየዓመቱ ቢደጋገምም የወቅት ነውና ለተወሰነ ጊዜ ብትቀጠር ችግር የለውም። ጥበቃው፣ የመጋዘን ሠራተኛውና የማሽን ባለሙያው ግን ክረምት ከበጋ አሉ። ወረቀቱ አሥር ጊዜ ቢታደስም ውላቸው ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ለሠራው ቢያንስ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል።

በቃል ቀጥሮ መተው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው ፈርሞበት በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው የሚሰጠው ጽሑፍ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ይበቃል።

አምና የሠራችውን እንደ አዲስ መሞከር። የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። ለዚያው አሠሪ ወደዚያው ሥራ የተመለሰ ሰው ደግሞ በሙከራ አይያዝም። ለነገሩ መሞከሩ ምን ይጠቅማል? የለመደች እጅ የተነቀዘውን፣ የጠቆረውንና የተፈለጠውን ፍሬ ሳታመነታ ትለያለች፤ አዲሷ ግን እያንዳንዱን ታገላብጣለች። የአምናዎቹን ስልክ መዝግቦ መስከረም ላይ ቀድሞ መደወል ምንም ወጪ የለውም።

የማታ ሥራን በአንድ ቡድን መሸፈን። ትልቁ ጥፋት እዚህ ነው። እሸቱ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሌሊት ይፈለፈላል፤ ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል። ትርፍ ሰዓት ግን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ስለዚህ አራት አራት ሰዓት ካሠሩ በሦስት ማታ ኮታው አለቀ፤ በአራተኛው ማታ ሌላ ፈረቃ ያስፈልጋል። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ 1.75 ነው። በቀን 240 ብር የሚከፈለው ሰው ሰዓቱ 30 ብር ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ከሠራ ሦስቱ ሰዓት በ45፣ አንዱ በ52.50 ይታሰባል፤ ድምሩ 187.50 ብር። ብዙ ጣቢያ በደፈናው 120 ይሰጣል። ያ ሰው በሳምንቱ ጎረቤት ጣቢያ ይገኛል፣ ማሽኑም እጁ ባልለመደ ሰው ይያዛል።

ለለቃሚ በኪሎ ብቻ መክፈል። ኪሎ ብቻ ከተቆጠረ አረንጓዴውም ከቀዩ ጋር ይሸመጠጣል። ዝቅተኛ የቀን ክፍያ አስቀምጦ ኪሎውን በላዩ መጨመር ይሻላል። ከዚያ ከየጆንያው መሃል (ከላይ ሳይሆን) 100 ፍሬ ለቃሚው ፊት ይቆጠር፤ ተጨማሪው ክፍያ በቀዩ ቁጥር ይወሰን። ከበስተጀርባው ተቆጥሮ ከተቀነሰበት ግን ነገ አይመጣም።