ወርሽ ሲገባ የልጅሽን እንቅስቃሴ እንዴት ትከታተያለሽ?

ሆድሽ ሲገፋ መካሪው ይበዛል። ተራመጂ፣ ተልባ ጠጪ፣ ከባድ ነገር አታንሺ። አብዛኛው ክፋት የለውም፣ እሺ ብሎ ማለፍ ነው። አንዱን ግን እንዳትሰሚ፦ «ልጁ ሊወለድ ሲል ዝም ይላል» የሚለውን። አይልም። ቦታው ስለሚጠበው አመሉ ይቀየር ይሆናል፣ ያ ጠንካራ ምት ወደ መገላበጥና መግፋት ይለወጣል። ብዛቱ ግን መቀነስ የለበትም፤ ምጥ እስኪመጣ፣ ምጥ ከጀመረም በኋላ ይንቀሳቀሳል። እንቅስቃሴው ከቀነሰ ምናልባት ከእንግዴ ልጁ የሚደርሰው ኦክስጅን አንሶት አቅሙን እየቆጠበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መታየት አለበት።

መከታተል የምትጀምሪው ከ28ኛው ሳምንት ነው። ሳምንት መቁጠር ግራ ካጋባሽ በእኛ አቆጣጠር ቀላል ነው፤ የመጨረሻ የወር አበባሽ ከጀመረበት ቀን 6 ወር ከ16 ቀን ቁጠሪ። መውለጃሽ ደግሞ 9 ወር ከ10 ቀን ላይ ይውላል። መሀል ላይ ጳጉሜን ካለች 5 ቀኗን ቀንሺ፣ 6 በሆነችበት ዓመት 6 ቀን።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ጽንስ የሚነቃው ማታ ስለሆነ ከእራት በኋላ፣ 3 ሰዓት አካባቢ ይመቻል። ቀን ላይ ቢሮ ውለሽ፣ ሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፈሽ፣ እየተገፋሽ ስትሄጂ ቢራገጥም ልብ አትዪውም። ሽንት ቤት ደርሰሽ ነይ፣ በግራ ጎንሽ ጋደም በይ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ ስልኩንም አርቂው። የጀመርሽበትን ሰዓት ጻፊ። ከዚያ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ ምቱንም፣ መገላበጡንም፣ መግፋቱንም እያንዳንዱን አንድ እያልሽ ቁጠሪ። ስቅታ አይቆጠርም፤ እሱ ልክ እንደ ሰዓት እኩል እኩል ትር ትር ስለሚል ታውቂዋለሽ። ቁጥሩ የሚጠፋብሽ ከሆነ 10 ፍሬ ቆሎ አጠገብሽ አስቀምጪና በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ብዪ። (ሽምብራ ከሆነ ደግሞ ይሻላል፣ ትልቅ ስለሆነ በጨለማም አይጠፋም፣ መብራት ሲሄድ ማለቴ ነው።) አስረኛው ሲያልቅ ሰዓቱን እዪና ጻፊ።

ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታልቃለች። ዝም ካለ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ጽንስ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይተኛል፣ ከ90 ደቂቃ በላይ የሚተኛው ከስንት አንዴ ነው። ለዚህ ነው 2 ሰዓት የሚሰጠው። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ካልሞላ ተነሺና ወደ ጤና ተቋም ሂጂ።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ዋናው የራስሽን ልጅ አመል ማወቅሽ ነው። ሁሌ በ15 ደቂቃ 10 የሚያስቆጥርሽ ልጅ ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀ፣ ሁለት ሰዓት አልሞላም ብለሽ አትጽናኚ። የእህትሽ ልጅ ሰነፍ ነበር፣ የጎረቤትሽ ደግሞ ኳስ ተጫዋች፤ ያንቺን አይመለከትም። እንግዴ ልጁ ከፊት ለፊት ያለባት ሴት ምቱ ሊደክምባት ይችላል፤ አልትራሳውንድ ስትነሺ የት እንዳለ ጠይቂ። ከፊት ቢሆንም የለመድሽው እንቅስቃሴ ሲቀንስ ያው መሄድ ነው።

ለስላሳ ጠጪ፣ ጣፋጭ ብዪ ይነቃል ይሉሻል። ብትጠጪ ችግር የለውም፣ ግን እሱን ጠጥተሽ ሌሊቱን ስትጠብቂ እንዳታድሪ። ቤት ውስጥ የልብ ምት የሚያሰማ መሣሪያ ከውጭ የተላከላችሁም አላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለዚህ ጉዳይ አልወደውም። የምትሰሚው የራስሽን ደም ሥር ሊሆን ይችላል። የልጁ ቢሆንም የተጎዳ ጽንስ ልቡ ይመታል፤ «ይኸው ይሰማል» ብለሽ ትተኛለሽ።

ስለ መተኛት ከተነሳ፣ ከ28 ሳምንት በኋላ በጀርባ አትተኚ። ማህፀኑ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን ደም ሥር ይጫነዋል። ሌሊት ስትነቂ በጀርባሽ ሆነሽ ብታገኚው አትደንግጪ፣ ዞር በይና ተኚ።

የት ልሂድ? ቀን ከሆነ ክትትል ያለሽበት ጤና ጣቢያ ጀምሪ፤ የልብ ምቱን ያዳምጣሉ (በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጤነኛው ነው)፣ ካስፈለገም ሪፈር ይጽፋሉ። ማታ ከሆነ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። መሀል ከተማ ላይ ጋንዲ አለ፣ ዘውዲቱ አለ፣ ጥቁር አንበሳ አለ። አምቡላንስ በ907 ወይም በ939 ይጠራል፣ ራይድ ቀድሞ ከመጣም ተሳፈሪ። ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነስታችሁ ሩቅ የገባችሁ ደግሞ መንገዱን ካሁኑ አስቡበት፤ ክትትሉንም በአዲሱ ሰፈር ወዳለ ጤና ጣቢያ አዛውሩ። የክትትል ካርድሽ ሁሌ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን።

ስትደርሺ «አሞኛል» አትበይ፣ ወረፋ ያስይዙሻል። «ሲስተር፣ 34 ሳምንቴ ነው፣ ልጄ ከትናንት ማታ ጀምሮ እንቅስቃሴው ቀንሷል» በይ። ሆድሽ ላይ ቀበቶ አስረው ለ20 ደቂቃ ያህል የልብ ምቱን በወረቀት ሊያነሱት፣ ወይም በአልትራሳውንድ የእንሽርት ውሃውን መጠንና የልጁን እንቅስቃሴ ሊያዩ ይችላሉ። ደም ከፈሰሰሽ፣ ውሃ ካመለጠሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ብዥታ ካለብሽ፣ ወይም ፊትሽና እጅሽ በድንገት ካበጠ፣ ቆጠራ የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ሂጂ። ግፊት ወይም ስኳር ካለብሽ ወይም ቀንሽ ካለፈ፣ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይቀጥርሻል፤ ደህና ነኝ ብለሽ ቀጠሮ አትዝለዪ።

ታይተሽ «ሰላም ነው» ተብለሽ ብትመለሺና ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ቢቀንስብሽ፣ እንደገና ሂጂ። «ባለፈው በከንቱ አስቸገርኳቸው» የሚል ይሉኝታ ይይዝሻል፣ አማትሽም «አሁንስ አበዛሽው» ሊሉ ይችላሉ። እሺ እማማ በያቸውና ካርድሽን ይዘሽ ውጪ።